በማን ጆሮ ይለካ? የሄድፎን ድምፅ ማስተካከያ ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ያልተለመደ ደብዳቤ ደረሰ። ወረቀቱ ሰማያዊና ሮዝ፣ የተጻፈበት ቀለም ሐምራዊ ነው። ላኪው ናትናኤል ባልድዊን የሚባል የዩታ ሰው ሲሆን፣ በገዛ እጁ የሠራቸውን የጆሮ ማዳመጫዎች እንዲሞክሩለት ይጠይቃል። ሞከሩለት። በጊዜው ከነበሩት በልጠው ስለተገኙ ትእዛዝ ተሰጠው፤ ባልድዊን ግን በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ማስረከብ እንደማይችል አሳወቀ። ፋብሪካው የቤቱ ማድ ቤት ነበርና። (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመቶችም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባልድዊን ስለ ሙዚቃ አላሰበም። የባሕር ኃይሉ ፍላጎት ከሩቅ መርከብ የሚመጣውን ደካማ የሞርስ ምልክት መስማት ነበር። ለዚህ ሥራ አንዱን የድምፅ ክልል አጉልቶ ሌላውን የሚያፍን ማዳመጫ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ምልክቱ ጎልቶ ከተሰማ በቂ ነው። ያንኑ ማዳመጫ ለዘፋኝ ድምፅና ለከበሮ ሲያውሉት ግን ችግሩ ይገለጣል። አንዱ ክልል ይጮኻል፣ ሌላው ጨርሶ ይጠፋል።

ድምፅን የማመጣጠን ጥበብ በዚያ ዘመን ከሄድፎን ይልቅ የስልክ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ንግግር በረጅም ሽቦ ሲጓዝ እኩል አይደክምም፤ ቀጭኑ ክፍል፣ ማለትም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው፣ ከወፍራሙ ቀድሞ ይሟሟል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው ድምፅ ትራስ ውስጥ የተቀበረ ይመስላል። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኢንጂነሮች በ1920ዎቹ መፍትሔ ያደረጉት በሽቦ ጥቅልልና በካፓሲተር የተሠሩ የኤሌክትሪክ ዑደቶችን ነው። ዑደቶቹ በጠንካራ ጉልበት የደረሰውን ክፍል ሆን ብለው ያዳክሙታል፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ ላይ ከተገናኘ በኋላ በአንድነት ይጎላል። አስቀድሞ መቀነስ፣ ከዚያ ማጉላት። አንባቢ ይህችን ዘዴ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ ኮምፒውተር ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች።

የስልክ ሰዎቹ ዕድለኞች ነበሩ፤ መለኪያቸው ግልጽ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተነገረው ድሬዳዋ ላይ እንደተነገረው ከተሰማ ሥራው አለቀ እንደማለት ነው። በሄድፎን ጉዳይ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ምን ሲመስል ነው ልክ የሚባለው?

በ1933 በኒውዮርክ ቤል ላቦራቶሪ ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን ጥናታቸውን አሳተሙ። አድማጮች የስልክ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የተለያዩ ድምፆችን ከ1,000 ኸርዝ ድምፅ ጋር በጉልህነት እንዲያወዳድሩ ተደረገ። የተገኘው ውጤት ዛሬም የሄድፎን ወዳጆች የሚጠቅሱት ነው። የሰው ጆሮ ለሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ንቁ አይደለም፤ በተለይ ድምፁ ሲቀንስ ለወፍራሙ ክፍል ይደነዝዛል። 1,000 ኸርዝ በ40 ዴሲቤል ሲሰማ፣ 100 ኸርዝ በዚያው ልክ ጎልቶ እንዲሰማ ከ20 ዴሲቤል በላይ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ሌሊት ሰው ላለመቀስቀስ ድምፅ ቀንሰው ሲያዳምጡ ቤዙ የት እንደገባ የሚገርማቸው ሰዎች የቴፑ ወይም የስልኩ ጥፋት ይመስላቸዋል። ጥፋት ካለ የጆሯችን ነው።

በ1937 በርሊን ውስጥ የኦይገን ባየር ድርጅት ዲቲ 48 የተባለውን ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። እንደ ስፒከር በሽቦ ጥቅልልና በማግኔት የሚንቀሳቀስ ስለነበር ከቀደሙት የብረት ሽፋን ማዳመጫዎች እጅግ ይሻል ነበር፤ በተለያየ መልክ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት ኖሯል። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሄድፎን ወደ አውሮፕላንና ወደ ሰርጓጅ መርከብ ገባ፣ የሙዚቃውም ነገር ቆየ።

ጦርነቱ ግን ለዚህ ታሪክ አንድ ትልቅ ነገር ትቶ ሄደ፤ ጆሮን በጥንቃቄ የሚለኩ ላቦራቶሪዎችን። በ1946 በሃርቫርድ ፍራንሲስ ዊነርና ዳግላስ ሮስ ቀጭን የማይክሮፎን ቱቦ በሰዎች የጆሮ ቦይ ውስጥ አስገብተው በታምቡሩ አጠገብ ያለውን ድምፅ ለኩ። የጆሮ ቦይ በአንድ ጫፉ የተዘጋ ዋሽንት ማለት ነው፤ የራሱ ድምፅ አለው። በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ከውጭ የገባው ድምፅ ታምቡሩ ጋ ሲደርስ ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ይገኛል። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ የነበረው ኤድጋር ሾው በ1974 በየቦታው የተደረጉ ልኬቶችን አሰባስቦ አንድ ወጥ ሥዕል እስኪሠራላቸው ድረስ ይህ እውቀት ተበታትኖ ቆየ።

ትርጉሙን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ከፊታችን የሚመጣ ድምፅ ትከሻችንን፣ ጭንቅላታችንን፣ የጆሯችንን እጥፋት ነክቶ ነው የሚገባው። በመንገዱ ላይ ቅርጹ ይለወጣል፤ አንጎላችን ደግሞ ከሕፃንነት ጀምሮ ይህን ለውጥ ስለለመደው አይሰማውም። ሄድፎን ሲደረግ ይህ መንገድ ይዘለላል። ስለዚህ በመለኪያ መሣሪያ ፊት ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ ሄድፎን ጆሮ ላይ ሲደረግ ደብዛዛ፣ የታፈነ ሆኖ ይሰማል። የተዘለለውን መንገድ የሚተካ ጉብታ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ሊኖረው ግድ ነው። «ቀጥ ያለ ሄድፎን ጥሩ ሄድፎን ነው» የሚለው እምነት እስከ ዛሬ በሻጮች አፍ ይሰማል፤ ስሕተትነቱ ከታወቀ ግን ብዙ ዘመን አልፏል።

የ1950ዎቹን መሣሪያዎች በፍጥነት እናልፋቸዋለን። በ1951 ፑልቴክ የተባለው የስቱዲዮ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማመጣጠኛ) ወጣ፤ በ1952 እንግሊዛዊው ፒተር ባክሳንዳል የቤዝና የትሬብል (የወፍራሙና የቀጭኑ ድምፅ) መቆጣጠሪያ ዑደቱን በአንድ የሬዲዮ መጽሔት አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ከገቡት ሬዲዮና ቴፖች በብዙዎቹ ላይ ያሉት ሁለቱ የቤዝና የትሬብል ቁልፎች የእሱ ልጆች ናቸው። በ1958 ደግሞ በሚልዋኪ ከተማ ጆን ኮስ የስቴሪዮ ሄድፎን አቀረበ። ሊሸጥ ያሰበው ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ነበር፤ ማዳመጫው ለብቻ መስሚያ ተብሎ የተጨመረ ነው። ሕዝቡ ማጫወቻውን ትቶ ማዳመጫውን ያዘ።

ስቴሪዮ ሲመጣ ሌላ እንከን ታየ። በስፒከር ስንሰማ የግራው ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ ቀኝ ጆሮም ላይ ይደርሳል። በሄድፎን ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆኖ ይቀራል፤ ሙዚቃው ከፊት ከመምጣት ይልቅ ራስ ቅል ውስጥ ይቀመጣል። የሲቢኤስ ላቦራቶሪው ቤንጃሚን ባወር በ1961 ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ጥቂት የሚያሻግር ዑደት አቀረበ። ዛሬ በማጫወቻ ሶፍትዌሮች ውስጥ «ክሮስፊድ» ተብሎ የሚገኘው ምርጫ የዚያ ዑደት ዝርያ ነው።

የ1972ቱ ግን ቆም ያሰኛል። ጆርጅ ማሰንበርግ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ለድምፅ ኢንጂነሮች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ «ፓራሜትሪክ» ያለውን ኢኳላይዘር አስተዋወቀ። እስከዚያ ድረስ ባለሙያው የሚነካው ፋብሪካው የወሰነለትን ፍሪኩዌንሲ ነበር። የማሰንበርግ መሣሪያ ሦስት ነገር አንድም ሌላውን ሳይነካ እንዲመረጥ ፈቀደ፤ የትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ያህል ዴሲቤል፣ በምን ያህል ስፋት። አንድ ሄድፎን በ5,800 ኸርዝ ላይ ስለታም ጩኸት ካለበት ያችን ብቻ ለቅሞ ዝቅ ማድረግ ተቻለ። ዛሬ ለሄድፎን የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ከሞላ ጎደል በዚህ ቋንቋ ነው የሚጻፈው።

ሐምሌ 1979 ሶኒ ዎክማን የተባለውን የኪስ ካሴት ማጫወቻ አወጣ። የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበረው፤ ሰው ብቻውን ጆሮውን ደፍኖ መንገድ ላይ መሄዱ ነውር ይመስላል ብለው ስለሰጉ ሁለተኛው ለጓደኛ እንዲሆን ያደረጉት ነው። ስፖንጅ የለበሰችው ቀላል ማዳመጫ ጆሮን ስለማትዘጋ ቤዙ በጎን ያመልጥ ነበር። ኩባንያዎቹ በ1980ዎቹ መልስ ያደረጉት ቤዝ የሚያጎላ ቁልፍና ባለ አምስት ተንሸራታች እጅ ኢኳላይዘር ነው። በዚያው ዘመን በእኛም ሀገር ባለ ኢኳላይዘር ቴፕ የሳሎን ጌጥ ሆኖ ነበር። እጆቹ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ፣ መሐሉ ወደ ታች ተደርጎ ይቀመጥና ማንም ዳግመኛ አይነካውም፤ ዘፈኑ የጥላሁን ይሁን የአስቴር፣ ካሴቱ ኦሪጅናል ይሁን ከቅጂ የተቀዳ፣ ቅርጹ ያው ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ሲሰማ የፍሌቸርና የመንሰን ግኝት ይህን ልማድ በከፊል ይደግፈዋል። ድምፁ ሲጨመር ግን መሐሉ የጎደለበት ዘፋኝ ከጎረቤት ቤት የሚዘፍን ይመስላል።

የመለኪያው ጥያቄ በጀርመን ሰዎች እጅ ገባ። ቀድሞ ደንብ የነበረው ሄድፎን ማስተጋባት በሌለው ክፍል ውስጥ ከፊት ለፊት የቆመ ስፒከር የሚሰጠውን ድምፅ ጆሮ ላይ እንዲሰጥ ነበር። በምዩኒክ የብሮድካስት ቴክኒክ ተቋም ይሠራ የነበረው ጉንተር ታይለ በ1986 ይህን ነቀፈ። ሄድፎን አቅጣጫ የለውም፤ ስለዚህ መለኪያው ድምፅ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚመጣበት፣ በማስተጋባት የተሞላ ክፍል ይሁን አለ። ብዙ የስቱዲዮ ሄድፎኖች በዚህ መንገድ ተሠሩ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ለብዙ አድማጭ ግን ድምፁ የቀጠነ፣ ቤዝ የጎደለው ሆነ። እንዲያ ያለ የማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚያዳምጥ የለምና አያስገርምም።

ይህ ክርክር በሊቃውንት መካከል ሲካሄድ ሙዚቃው ራሱ ቁጥር ሆነ። በ1982 ሲዲ መጣ፤ ሐምሌ 14 ቀን 1995 በኤርላንገን ያሉት የፍራውንሆፈር ተመራማሪዎች ለተጨመቀው የሙዚቃ ፋይላቸው «ኤምፒ3» የሚለውን ቅጥያ መረጡ፤ በ1997 ጀስቲን ፍራንክል የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ዊንአምፕ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ለቀቀ። በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሁሉ የዊንአምፕን ኢኳላይዘር 10 እጆች ያስታውሳቸዋል። አቀማመጣቸውን ዛሬ ሳየው ይገርመኛል። ሦስቱ በ12,000፣ በ14,000 እና በ16,000 ኸርዝ ላይ ተጨናንቀዋል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የሙዚቃ ጉልበት ጥቂት ነው፣ ዕድሜው የገፋ ሰውም ብዙውን አይሰማውም። ከ1,000 ወደ 3,000 ግን በአንድ እርምጃ ይዘላል፤ የሰው ድምፅ ግልጽነት ያለውና የጆሮ ቦይ የሚያስተጋባው እዚያ መካከል ነው። ለሄድፎን ማረሚያ የሚሆን መሣሪያ አልነበረም፣ ይሁንና ለሚሊዮኖች ኢኳላይዘር ማለት እሱ ነበር።

የስልክ ሰዎቹ ዘዴ ተመልሳ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። በ16 ቢት ፋይል ውስጥ አንድ ናሙና ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ አሳታሚዎች ዘፈናቸው ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ እየተሽቀዳደሙ ቁጥሮቹን እስከ ጣሪያው ጠቅጥቀዋቸዋል። አድማጭ በዚህ ላይ ቤዙን በ6 ዴሲቤል ሲያነሳ የማዕበሉን ቁመት በእጥፍ ጠየቀ ማለት ነው፤ ቦታ የለም። ጫፉ ይቆረጥና ዘፈኑ ይሰነጠቃል። ሰው ሄድፎኑ የማይረባ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ከኢኳላይዘሩ በፊት ጠቅላላውን ድምፅ በዚያው 6 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ፣ የጎደለውን በድምፅ መጨመሪያው መመለስ ነው። በዊንአምፕ ዳር ላይ «ፕሪአምፕ» የሚል አንድ ብቸኛ እጅ የነበረው ለዚህ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ጨምሮ ጮክ ለማድረግ ይጠቀምበት ነበር።

ጥቅምት 2001 የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻው አይፖድ ወጣ፤ ነጭ ማዳመጫው የዘመኑ ምልክት ሆነ። በኪስ መሣሪያዎቹ ላይ የነበረው ምርጫ «ሮክ»፣ «ጃዝ»፣ «ክላሲክ» የሚሉ ዝግጁ ቅርጾች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ጥያቄውን ገልብጦታል። ዘፈኑ ጃዝ በመሆኑ የሄድፎኑ ጉድለት አይለወጥም፤ 5,800 ኸርዝ ላይ የሚጮኽ ማዳመጫ በክራርም በከበሮም ይጮኻል። ያልረኩ ሰዎች ሁለት መንገድ ያዙ። አንዳንዶቹ በ2001 የጀመረውን ሮክቦክስን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር በመሣሪያቸው ላይ ጭነው ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር አገኙ። ሌሎቹ ማስተካከያውን በኮምፒውተር ላይ ወደ ፋይሉ ውስጥ አስገብተው ወደ ኪስ መሣሪያቸው ቀዱት። ሁለተኛው መንገድ ይሠራል፣ ሆኖም ዋጋ አለው። ኤምፒ3 ተፈትቶ፣ ተስተካክሎ እንደገና ሲጨመቅ ከጥራቱ ይቀንሳል፤ ሄድፎኑ የተለወጠ ዕለት ደግሞ ያ ስብስብ በሙሉ ለሌላ ጆሮ የተሰፋ ልብስ ይሆናል። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም ማስተካከያውን በሚጫወትበት ሰዓት ብቻ ማድረግ ይሻላል።

የፋይሉ የራሱ ሕመም ሌላ ነው፤ ለየብቻ ይታያል። ከካሴት ቅጂ ቅጂ ወደ ኤምፒ3 የተለወጡ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ የአማርኛ ዘፈኖች ቀጭኑን ክፍል ያጡት በመንገድ ላይ ነው። ቅጂ በቅጂ ላይ ሲደረግ በአንጻሩ የቴፑ ሽሽ የሚል ድምፅ ጨምሯል። ሄድፎኑን በትክክል ያስተካከለ ሰው ይህ ሁሉ ከቀድሞው ይልቅ ይገለጥበታል። ያን ጊዜ የሄድፎኑን ማስተካከያ ማበላሸት አይገባም፤ ለዚያ ዘፈን የተለየ ማስተካከያ ይደረግለታል።

የመለኪያውን ጥያቄ ወደ መሬት ያወረደው በካሊፎርኒያ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪ ሾን ኦሊቭ ነው። አለቃው የነበረው ፍሎይድ ቱል ስፒከሮችን በመጋረጃ ጀርባ ደብቆ ሰዎች በጆሯቸው ብቻ እንዲፈርዱ በማድረግ ስም ያወጣ ሰው ነው። ኦሊቭና ባልደረባው ቶድ ዌልቲ በ2012 ያንኑ በሄድፎን ላይ ሞከሩ። ችግሩ ሄድፎን አይደበቅም፤ ክብደቱና የጆሮ ትራሱ ማንነቱን ይናገራል። ስለዚህ በቀጣዮቹ ጥናቶች አንድ ሄድፎን ብቻ አድማጩ ራስ ላይ አድርገው የሌሎቹን ድምፅ በኢኳላይዘር እንዲያስመስል አደረጉት። ኢኳላይዘር የምርምር መሣሪያ ሆነ።

መነሻ ሐሳባቸው ቀላል ነው። ሙዚቃ የሚቀዳውና የሚቀላቀለው በስፒከር እንዲሰማ ታስቦ ነው፤ እንግዲያስ ሄድፎን በጥሩ ክፍል ውስጥ ያለ ጥሩ ስፒከር የሚሰጠውን ጆሮ ላይ ይስጥ። ሰው ሠራሽ ጆሮ ባለው አሻንጉሊት ይህንን ለክተው፣ ከዚያ አድማጮች ቤዙንና ትሬብሉን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ ፈቀዱ። በ2013 የታተመው ቅርጽ «የሃርማን ኢላማ» የሚለውን ስም ያዘ። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በጀርመንና በቻይና ያሉ አድማጮች ሲፈተኑ ምርጫቸው በእጅጉ ተቀራረበ። እኔን የሚያሳምነኝ ከታይለ ክፍል ይልቅ ይህ ነው፤ ሰውን ጠይቋልና።

የዋጋ ነገርም ተነሣ። በ2017 ጀሩን ብሬባርት የ283 ሄድፎኖችን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ በድምፅ ቅርጻቸውና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ለኪሱ ሳስቶ ርካሽ የገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ዜና አይሰማም፤ ቅርጽ በኢኳላይዘር ይቀየራልና። ሁሉም ነገር ግን አይቀየርም። ሲጎላ የሚንኮሻኮሽ ሽፋን፣ ጆሮ ላይ በደንብ ሳይገጥም ቤዝ የሚያፈስ ትራስ በቁጥር አይድንም።

በ2018 ኦቶኢኪው የተባለ ነፃ ፕሮግራም ወጣ። በየቦታው የተለኩ ሄድፎኖችን ልኬት ሰብስቦ፣ ከሃርማን ኢላማ ጋር አነጻጽሮ፣ ለእያንዳንዱ ሞዴል የፓራሜትሪክ ቁጥሮቹን ያወጣል። አድማጭ የሄድፎኑን ስም ፈልጎ ቁጥሮቹን በዊንዶውስ ላይ እንደ ኢኳላይዘር ኤፒኦ ባለ ነፃ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። ፕሪአምፑንም በስንት ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ እንደሚገባ አብሮ ይነግረዋል። ለጆሮ ጥቂት ቀን መስጠት ያስፈልጋል፤ የጎበጠ ድምፅ የለመደ ሰው ቀናው መጀመሪያ ያስከፋዋል። ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያሉትን ስለታም እርማቶች ግን በጥርጣሬ እመለከታቸዋለሁ። በዚያ ከፍታ የሞገዱ ርዝመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሄድፎኑ በትንሹ ሲንቀሳቀስ ወይም የጆሮ ቅርጽ ሲለወጥ ጉብታው ቦታ ይቀይራል። በአሻንጉሊት ጆሮ ላይ የተገኘ ጉድጓድ በእኔ ጆሮ ላይ ላይኖር ይችላል።

በዚያው ዓመት የኦሊቭ ቡድን አድማጮችን በምርጫቸው ሲከፋፍል 64 በመቶዎቹ ኢላማውን እንዳለ ወደዱት፣ 15 በመቶዎቹ ቤዝ ይጨመር፣ 21 በመቶዎቹ ደግሞ ይቀነስ አሉ። አማካዩ አድማጭ ተገኘ፤ ከሦስት አንዱ ግን አማካዩ አልሆነም።

ቀጣዩ እርምጃ ወደ ግለሰቡ ጆሮ ነበር። በ2020 አፕል የሰውን የመስማት ምርመራ ውጤት ስልኩ እንዲያነብና ሙዚቃውን በዚያ እንዲያስተካክል ፈቀደ። መስከረም 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የኩባንያው ኤርፖድስ ፕሮ 2 ማዳመጫዎች ቀላልና መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች የመስሚያ መርጃ ሆነው እንዲያገለግሉ የሚያስችለውን ሶፍትዌር አጸደቀ። ተጠቃሚው ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለአምስት ደቂቃ ያህል ደካማ ድምፆችን በሰማ ቁጥር ስልኩን ይነካል። ከዚያ ለግራ ጆሮው አንድ ቅርጽ፣ ለቀኙ ሌላ ቅርጽ ይወጣለታል፤ ሙዚቃውም በዚያው ይሄድለታል።